«ጥሩር በሁለት ቀን» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ የእጅ ሥራ የሚወዱ ወጣቶች ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ጥሩር በሁለት ቀን» ይላል። ጥሩር የሚባለውን፣ ቀለበት ከቀለበት እየተጠለፈ የሚሠራውን የጥንት ተዋጊዎች የብረት ሸሚዝ ማንም ሰው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ሽቦ ገዝቶ፣ ሁለት ፒንሳ ይዞ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሊሠራው ይችላል ባይ ነው። በዚህ እንስማማለን። ሥራው ማሽን አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። ጸሐፊው ይህን ያህል ሰው ማነሣሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ችግሩ፣ ሥራውን ቀላል ለማስመሰል ሲሉ ልኬቱን ሁሉ አውጥተው ጥለውታል። ጥሩር ደግሞ ከልኬት በስተቀር ብዙም ምስጢር የለበትም።

ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ሽቦ ያው ሽቦ ነው፣ ከቆራሌው የተለቀመም ይሆናል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የፌሮ ማሰሪያው ጥቁር ሽቦ ነው፣ ርካሽና ለእጅ የሚታዘዝ ስለሆነ። የቀለበቱ ስፋት የምርጫ ጉዳይ ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሥራው ቶሎ ያልቃል። ሽቦው ባለ 12 ፌሮ ላይ ተጠምጥሞ በፒንሳ ይቆረጣል። አንድ ረጅም አራት ማዕዘን ተሠርቶ፣ ለሁለት ታጥፎ፣ መሐሉ ለአንገት ተከፍቶ፣ ጎንና ጎኑ ሲያያዝ ሸሚዙ አለቀ፤ ለዚህም ቅዳሜና እሑድ ይበቃል። የጥንቱ ጥሩር 40 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ የጥንት ሰዎችም ቀለበቱን አፍ ለአፍ ገጥመው ከመተው ያለፈ ነገር አላደረጉበትም። የተሠራው ሸሚዝ ለሌሊት ዘበኛና ለባጃጅ ሹፌር የስለት መከላከያ ይሆናል። በመጨረሻም፣ ዚንክ የተቀባ ሽቦ የተጠቀመ ሰው ሸሚዙን ከሰል ላይ አቃጥሎ ያጥቁረው፣ ለዝገቱም የኑግ ዘይት ይቀባው ይላሉ።

ጭሱ ተራ አይጠብቅም

ከመጨረሻው የምጀምረው ይህኛው ምክር ሰው ስለሚጎዳ ነው። ዚንክ የተቀባ ሽቦ ከሰል ላይ አይቃጠልም። ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ወናፍ ወይም የአዳማ ንፋስ ያገኘ ከሰል እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። የሚነሣው ነጭ ጭስ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። የማገው ሰው ወዲያው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ራሱንና ጡንቻውን ያመዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ነገር ግን ወባ ባለበት ከተማ ይህን ምልክት ይዞ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው «ሽቦ ሳቃጥል ነበር» ብሎ ካልተናገረ ሐኪሙ በምን ያውቃል?

ጥቁሩ መልክ ከሚያብረቀርቀው ያምራል ያሉት እውነት ነው። መልኩን የፈለገ ሰው ቀለበቶቹን ገና ሳይጠላለፉ በፕላስቲክ ባልዲ ኮምጣጤ ውስጥ ደጅ ላይ ይዘፍዝፋቸው፤ አረፋው ሲቆም ዚንኩ ሄዷል ማለት ነው። አረፋው ሃይድሮጅን ስለሆነ ባልዲው አይከደንም፣ አጠገቡም ሲጋራ ወይም ምድጃ አይቀርብም። ከዚያ በሳሙና ውሃ ታጥበው ወዲያው ይደርቁና ዘይት ይቀባሉ። ዚንኩ ከተነሣ በኋላ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ያ ዘይት ብቻ ነው። ይህን መከታተል የሚሰለች ሰው ዚንኩን ይተወው፤ ሲለበስና ሲታሽ በራሱ ጊዜ ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል።

ጥቁሩ ሽቦ

የማሰሪያ ሽቦ ለግንባታ የተመረጠው በእሳት ለስልሶ የተሠራ በመሆኑ ነው። ፌሮ አሳሪው በመንጠቆ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያዞረው ሳይሰበር ይጠመዘዛል፣ በተጠመዘዘበትም ይቀራል። አፉ ገጥሞ ብቻ ለሚቀር ቀለበት የሚፈለገው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ሲጎተት ትንሽ ተለጥጦ፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው የሚመለስ ሽቦ። ጥቁሩ ሽቦ አንዴ አፉን ከከፈተ ከፍቶ ይቀራል።

ይህን ለማየት ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ። ከየሽቦው ዓይነት እኩል ስፋት ያላቸው ቀለበቶች ሥሩ። ቀለበቱን ጠንካራ ምስማር ላይ ስቀሉት፤ አፉ ወደ ጎን ይሁን። ከታች በመንጠቆ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሉና ውሃ በሊትር እየለካችሁ ጨምሩ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። አፉ ጥፍር የሚያስገባ ያህል የተከፈተበትን ቁጥር ጻፉና ወደሚቀጥለው ሽቦ እለፉ። ለስላሳው ጥቁር ሽቦ ዚንክ ከተቀባው የአጥር ሽቦ ቀድሞ እጁን ሲሰጥ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ፍርድ ማጓደል አያስፈልግም። 7 ኪሎ የሚመዝን ሸሚዝ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ለብዙ ቀለበቶች ስለሚከፋፈል፣ ከጥቁር ሽቦ የተሠራውም ቆሞ ላለ ሰው አይበተንም። የሚፈታው ሲለበስና ሲወልቅ ነው፤ ክርን ብብት ሥር አንድ ቀለበት ይዞ ሲገፋ። ግድግዳ ላይ በአንድ ምስማር ተሰቅሎ ሲያድርም እንዲሁ ነው፤ ሸክሙ በሙሉ ሦስት አራት ቀለበት ላይ ይወድቃል። አንዱ ከተፈታ የሱ ድርሻ ለጎረቤቱ ይተላለፍና ቀዳዳው ራሱን እያሰፋ ይሄዳል።

የሚሻለው ዚንክ የተቀባ፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በእጅ ሲታጠፍ የሚታገል ሽቦ ነው። መደብር ስትሄዱ የውፍረት መለኪያ ካሊፐር ያዙ፤ «1.6» ተብሎ የሚሸጠው 1.5 ወይም 1.8 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ግን ባለ 1.8 ሽቦ ለአንድ ቀለበት ክብደት 3 አስረኛ ያህል ይጨምራል፤ 7 ኪሎ ይሆናል የተባለው ሸሚዝ ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። የሚያስፈልገውን ሁሉ ደግሞ በአንዴ፣ ከአንድ ጥቅል መግዛት ነው። የቆራሌውን ሽቦ የምቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥንካሬው የተለያየ ሽቦ አንድ ዘንግ ላይ ቢጠመጠም እንኳ እኩል ቀለበት አይሰጥም፤ ጠንካራው ሲለቀቅ ይሰፋል፣ ለስላሳው ባለበት ይቀራል። ሸሚዙ አልቆ ሲዘረጋ አንዱ ቦታ ያብጣል፣ ሌላው ይሸበሸባል፣ ያን ጊዜ መፍትሔ የለውም።

አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ስለሆነ ለቴአትርና ለልጆች ጥሩ ነው፤ ልብስና ቆዳ ግን ያጠቁራል። ስቴንለስ አይዝግም፣ ግን በታጠፈ ቁጥር ስለሚጠነክር የጀማሪን እጅ ያደክማል። ጥቁሩ ሽቦም ቦታ አለው፦ ለመለማመጃ፣ እንዲሁም ቀለበቱ በሪቬት ለሚመታበት ሥራ። ለሪቬት የቀለበቱ ጫፎች ተደራርበው በመዶሻ ይጠፈጠፋሉ፣ ይበሳሉ፣ በትንሽ ምስማር ይመታሉ፤ ለዚያ ለስላሳ ብረት ግድ ነው። ጸሐፊው ለጥቁር ሽቦ ያላቸው ፍቅር ወደዚህ ሥራ ቢወስዳቸው አንድም ቃል አልናገርም ነበር።

12 ሚሊ ሜትር

የቀለበት ስፋት የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ከሽቦው ውፍረት ጋር የታሰረ ነው። የቀለበቱን የውስጥ ስፋት ለሽቦው ውፍረት አካፍሉት። እያንዳንዱ ቀለበት አራት ጎረቤቶቹን በሚይዝበት በተለመደው አጠላለፍ ውጤቱ ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ሲሆን ሥራው ያምራል። ወደ 3 ሲወርድ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አልታጠፍ ይላሉ፣ ከዚያ በታች ጭራሽ አይገቡም። 8 ሚሊ ሜትር ለ1.6 ሲካፈል 5 ነው። የጸሐፊው 12 ለ1.6 ሲካፈል 7.5 ይመጣል፤ ያ ሸሚዝ መረብ ነው የሚመስለው።

መልኩ ብቻ ቢሆን «የኔ ምርጫ ነው» ብለው ሊመልሱልኝ ይችሉ ነበር። ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል እንጂ። አንድን ቀለበት ለመክፈት የሚያስፈልገው ኃይል ከሽቦው ውፍረት ጋር በሦስተኛ ርቢ ያድጋል፣ ቀለበቱ በሰፋ ልክ ግን ይቀንሳል። በዚያው ሽቦ ከ8 ወደ 12 ሚሊ ሜትር የሄደ ሰው ከጉልበቱ 3 አስረኛ ያህሉን ያጣል። ጥቁሩን ለስላሳ ሽቦ ሲጨምሩበት ድክመት በድክመት ላይ ነው። ትልቅ ቀለበት የሚፈልግ ሰው ሽቦውንም ያወፍር፦ 2 ሚሊ ሜትር ሽቦ በ10 ሚሊ ሜትር ዘንግ፤ ይህም 5 ይመጣል። የቀለበቱ ቁጥር ከባለ 8ቱ በሲሶ ያህል ይቀንሳል፣ የሸሚዙ ክብደት በሩብ ይጨምራል፣ እያንዳንዱን ቀለበት ለመዝጋት የሚጠይቀው ጉልበት ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። በጊዜ የተረፈው በእጅ አንጓ ይከፈላል።

ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማስላት ይቻላል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ጠልፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ሳትወጥሩት ሳትሰበስቡት አስቀምጡና ቀለበቶቹን ቁጠሩ። 150 ወጣ እንበል። ደረት ዙሪያው 120 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 70 የሆነ ሸሚዝ 8,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዙሪያቸው 40፣ ርዝመታቸው 20 የሆኑ ሁለት አጫጭር እጅጌዎች 1,600 ይጨምራሉ። ድምሩ 10,000 ነው፤ ናሙናው 100 ጊዜ ማለት ነው፣ 15,000 ቀለበት። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀለበት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ይበላል፤ ስለዚህ 450 ሜትር። የ1.6 ሽቦ አንድ ሜትሩ 16 ግራም ገደማ ነውና ሸሚዙ ከ7 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ለብክነት ጨምራችሁ 8 ኪሎ ግዙ። ሁለት ፒንሳ ካለው ሰው ካልኩሌተርም አይጠፋም፤ ጸሐፊው ይህን አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ግማሹ ክርክራችን ባልተነሣ ነበር።

ፌሮውና ፒንሳው

ፌሮ ሲሚንቶ እንዲይዝለት ተብሎ ጥርስ የወጣለት ብረት ነው። ሽቦውንም እንደ ሲሚንቶው ይይዘዋል። የተጠመጠመው ሞላ ከጥርሱ ላይ አይንሸራተትም፤ እየተጎተተ ሲወጣ ይለጠጣል፣ ቀለበቱም ጥርሱ ባለበት ሰፊ፣ በሌለበት ጠባብ ይሆናል። የሚያስፈልገው ልሙጥ 8 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ ነው፣ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል። አንዱን ጫፍ እጀታ እንዲሆን አጥፉት፣ ከሌላው ጫፍ ገባ ብላችሁ የሽቦውን ጫፍ የሚይዝ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ፣ ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ቁራጭ ጣውላዎች ውስጥ አሳልፉት። ሽቦው ክፍተት ሳይኖር እየተጠጋጋ ይጠምጠም። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞላ 185 ያህል ቀለበት ይሰጣል፤ ለ15,000 ቀለበት 80 ሞላ ገደማ ነው። የመጀመሪያውን አውልቃችሁ በካሊፐር ለኩት፤ ጠንካራ ሽቦ ሲለቀቅ ከዘንጉ ትንሽ ስለሚሰፋ ትክክለኛው ስፋት ያ ነው። በትራፓኖ የሚጠመጥም ሰው በዝግታ ያዙር፣ ጓንት አያድርግ፤ ጓንቱ ከሽቦው ጋር ተጠቅልሎ ጣት ይዞ ይሄዳል። ሽቦው ሊያልቅ ሲል ያቁም፣ ጅራቱ እንደ አለንጋ ይጋረፋልና። መነጽር ከዚህ ጀምሮ አይወልቅም።

በፒንሳ መቁረጥ ይቻላል፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን ፒንሳ ሽቦውን ከሁለት ወገን እየቆነጠጠ ስለሚበጥስ ጫፎቹ እንደ ጣሪያ ሾጣጣ ይሆናሉ። ሁለት ሾጣጣ ጫፍ ሲገጥም ከላይና ከታች ክፍተት ይቀራል፤ ሹሉ ልብስ ይበላል፣ ክፍተቱ ጎረቤት ቀለበት ያሾልካል። የላሜራ መቀስ ከዚህ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሞላውን ቦይ በወጣለት እንጨት ላይ አስተኝቶ፣ እንጨቱን በሞርሳ አስሮ፣ በደቃቅ ጥርስ ሴጌቶ ርዝመቱን ተከትሎ መሰንጠቅ ነው። ይዘገያል፤ ጫፉ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። የተቆረጡትን ቀለበቶች በጀሪካን ከደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ብታንከባልሉ ሹሉ ይበላል። አሸዋ አዳማ ላይ አይቸግርም።

አዘጋጉን ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር «ጨምቁት» ብለው አልፈውታል፤ ሸሚዙን የሚሠራውም የሚያፈርሰውም ግን እሱ ነው። ቀለበት ሲከፈት ጫፎቹ ግራና ቀኝ አይለያዩም፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። ሲዘጋም በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ ነገር ግን ሁለቱን ፒንሳዎች ትንሽ ወደ ውስጥ እየገፋችሁ ጫፉን ከመገጣጠሚያው በመጠኑ አሳልፉት፤ ሲለቀቅ ይመለስና ጫፍ ከጫፍ ተጋፍቶ ይቆማል። ጥሩ የተዘጋ ቀለበት «ቀጭ» ይላል። ከቀለበቶቹ ግማሹን አስቀድማችሁ ዝጉ፤ አንድ ክፍት ቀለበት አራት ዝግ ይዞ ይዘጋና የመጀመሪያዋ ቁራጭ ትሆናለች፣ ከዚያ ቁራጭ ከቁራጭ በክፍት ቀለበት ይያያዛል። በየመዳፍ ስፋቱ አሮጌ የናይለን ካልሲ አሹበት። ካልሲውን የያዘው ቀለበት አልተዘጋም።

ታጥፎ የተሰፋው አራት ማዕዘን

በዚህ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው። ከቀጥታ ቁራጮች መነሣት ትክክል ነው፣ የጥንቱ ሸሚዝም ሲዘረጋ እጅጌ ያለው ቀሚስ ይመስላል እንጂ የተወሳሰበ ቅርፅ የለውም። የረሱት ጥልፉ አቅጣጫ እንዳለው ነው። ያንን 10 በ10 ናሙና በቁመቱ ሳቡት፣ ከዚያ በአግድሙ። በአንዱ በኩል እንደ ሹራብ ይለጠጣል፣ በሌላው በኩል እምብዛም። የሚለጠጠው ወገን ደረትን ዙሪያውን መሄድ አለበት። ከተገላበጠ ሸሚዙ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይረዝማል፣ ጎኑ ግን አይሰጥም፤ የለበሰው ሰው ትንፋሽ ሲስብ ይይዘዋል። 15,000 ቀለበት ከጠለፉ በኋላ ይህን ማወቅ ያበሳጫል።

ስፋቱም የገላ ልክ አይሆንም። ደረቱ 96 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከሥር የሚለብሰውንና ለመንቀሳቀሻ የሚያስፈልገውን ጨምሮ 120 ያህል ይፈልጋል፤ ብረት ቁልፍ የለውም፣ ትከሻን አልፎ መውለቅ አለበት። ብብት ሥር ልብስ ሰፊዎች የሚያስገቡት ዓይነት አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ካልገባ እጅ ሲነሣ ሸሚዙ በሙሉ አብሮ ይነሣል። ጎኑን ቀጥ አድርገው የሚያያይዙት ሸሚዝ ቀድሞ የሚቀደደው እዚያው ነው። እጅጌው የትከሻው ጥልፍ ቀጥሎ የሚወርድ ከሆነ የሚለጠጠው ወገን ክንዱን አይዞርም፣ በርዝመቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጀማሪ ሰው እጅጌውን ሰፋ አድርጎ ይተወው።

አንገቱ ከመሐል ትንሽ ወደ ፊት ይምጣ፤ መሐል ላይ የተከፈተ አንገት ሸሚዙን ወደ ኋላ ይጎትትና ጉሮሮ ያንቃል። ጠበብ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ጥልፉ በክብደቱ ይሰፋል፣ ቀለበት መንቀል ደግሞ ከመጨመር ይቀላል። ወገብ ላይ ለመቀነስ አዲሱ ቀለበት ከላይኛው ረድፍ በሁለት ፈንታ ሦስት ይያዝ። ዳሌ ላይ ለመጨመር በሁለት ቀለበቶች መሐል ከላይ አንዱን ብቻ የያዘ ትርፍ ቀለበት ይንጠልጠል፤ የሚቀጥለው ረድፍ እንደ ማንኛውም ቀለበት ይቆጥረዋል።

ሁለቱ ቀንና 40ው ኪሎ

ሁለት ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ፣ 72,000 ሰከንድ ነው። ለ15,000 ሲካፈል ለአንድ ቀለበት 4.8 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ በዚያች ውስጥ መጠምጠሙም፣ መቁረጡም፣ መጥለፉም፣ መዝጋቱም አለ። የጸሐፊውን 12 ሚሊ ሜትር ብንወስድ እንኳ የቀለበቱ ቁጥር በግማሽ ቀንሶ ለአንዱ 9.6 ሰከንድ ነው። በተረጋጋ እጅ 20 ሰከንድ ብንቆጥር 83 ሰዓት ይመጣል፤ በቀን 2 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 6 ሳምንት። ቅዳሜና እሑድ የሚበቃው ሌላ ነገር ነው፦ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 600 ቀለበት ነው፣ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ ከሱ ቦርሳ ወይም የእጅ አንጓ መታጠቂያ ይወጣል። ጽሑፉ ያንን ቢል ልክ ነበር።

40 ኪሎ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ጎልያድ የለበሰው ጥሩር 5,000 ሰቅል ናስ ይመዝን እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል፤ አንዱን ሰቅል 11 ግራም ብንይዘው 55 ኪሎ ይሆናል። ያ ግን ስለ ግዙፉ ሰው የተነገረ ነው፣ እንዲህ ካለ ቀለበት ስለመሠራቱም አይናገርም። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ባለቀለበት ሸሚዝ 10 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከላይ ካሰላነው ብዙም አይርቅም። ወገብ ላይ ቀበቶ ሲታሠር ከክብደቱ ጥቂቱ ወደ ዳሌ ይወርዳል፣ ትከሻ ያርፋል።

አፍ ለአፍ ስለተባለውም ታሪኩ ሌላ ነው። የሮማ ወታደሮች ሸሚዝ አንድ ረድፍ ከላሜራ ተበስቶ የወጣ ድፍን ቀለበት፣ የሚቀጥለው ረድፍ በሪቬት የተመታ ሆኖ ይፈራረቅ ነበር። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያንም በሪቬት ነበር የሚዘጉት። ለጸሐፊው የሚያግዛቸው የጃፓን ጥሩር ነው፦ እዚያ አፍ ለአፍ የተገጠመ ቀለበት በሰፊው ተሠርቶበታል። አጠላለፉ ግን የተለየ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጨርቅ ላይ ይሰፋ ነበር።

ዘበኛውና የባጃጁ ሹፌር

ከጭሱ ቀጥሎ አደገኛው ምክር ይህ ነው። አፍ ለአፍ የተገጠመ ቀለበት በላዩ የሚንሸራተት ስለትን ያግዳል፤ ይህን አልክድም። የሚወጋን ጫፍ ግን አያግድም። የቢላ ጫፍ ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይገፋዋል፣ የተገጠመው አፍ ይከፈታል፣ ቢላው ያልፋል። ሥጋ ቆራጮች የሚያጠልቁት የብረት ጓንት የሚያገለግለው እያንዳንዱ ትንሽ ቀለበቱ የተበየደ ስለሆነ ነው። ሌሊት ላይ ከቢላ ይልቅ የሚያጋጥመው ደግሞ ዱላ ነው። ጥልፉ ይታጠፋል እንጂ አይቆምም፤ የዱላው ምት እንዳለ ወደ ጎድን አጥንት ይደርሳል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከሥሩ ወፍራም ጥጥ ልብስ ይለበስ የነበረው። አራት ድርብ የሆነ ጋቢ ለሁለት ታጥፎ ስምንት ድርብ ሆኖ፣ በየጣት ስፋቱ ቀጥ ባለ ስፌት ተወግቶ ቢሰፋ ለሸሚዙ ጥሩ መደብ ይሆናል፣ ትከሻም ከመቆረጥ ያድናል። ያ ግን ለምቾት ነው። ከራሱ አልፎ ለሌላ ሰው «ይህን ልበስና ሥራ ግባ» ብሎ መስጠት ሰውየውን መሸሽ ሲገባው እንዲቆም ያደርገዋል። በሰው ላይ እየለበሱ በቢላ መሞከር ጨርሶ አይታሰብ፤ መሞከር የፈለገ ሰው ጭድ በሞላው ማዳበሪያ ላይ ያልብሰው።

የኑግ ዘይቱ

ኑግ ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም። አየር ሲነካው ቀስ በቀስ ከሚደርቁ ዘይቶች ወገን ነው፤ በቀጭኑ የተቀባ የኑግ ዘይት በሳምንታት ውስጥ ሙጫ ይሆናል። አዳማ ላይ ደግሞ ንፋሱ አቧራውን ይዞ ይመጣል፤ ሙጫውና አቧራው ቀለበቶቹ መሐል ሲገናኙ የአሸዋ ወረቀት ይሆናሉ። ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው ብረትም ዘይት ተቀብቶ በሙቀት ጥቁር ሽፋን ሊይዝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ጸሐፊው ያሰቡት እሱን ከሆነ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ዚንክ በሌለው ባዶ ብረት ላይ ብቻ ነው፣ ምጣድም እንደ ሸሚዝ አይታጠፍም፤ ቀለበቱ በተፋተገ ቁጥር ሽፋኑ ይረግፋል።

የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። በጨርቅ ጠብታ ጠብታ እያደረጋችሁ ሸሚዙን አሹት፣ ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ ትርፉን ጨርቁ ይጠጣዋል። የዛገ ቦታ ከታየ ሸሚዙ በማዳበሪያ ከደረቅ አሸዋ ጋር ታሥሮ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ለሩብ ሰዓት ይወዝውዘው፣ አሸዋው በደንብ ይራገፍ፣ እንደገና ይቀባ። ማስቀመጫው ሣጥን ወይም ከረጢት ነው፣ ተጣጥፎ፤ ምስማር ላይ አይሰቀልም። ከላብ በኋላ ሳይጠረግ ከረጢት የገባ ሸሚዝ በበጋም ቢሆን ይዝጋል፤ ቀድሞ የሚዝገው ደግሞ ሴጌቶው ያለፈበት የቀለበቱ አፍ ነው፣ እዚያ ዚንክ የለምና።